ውሃ የማይቆርጠው ጥም

ኤሌኒ መጀመሪያ የጠረጠረችው ባልዲውን ነበር። ማታ ሞልታ በረንዳ ላይ የምታስቀምጠው ውሃ ጠዋት ከግማሽ በታች ወርዶ ስታገኘው፣ ቂጡ የተበሳ መስሏት ገልብጣ ወደ ፀሐይ አነሣችው። ቀዳዳ አላየችም። በነጋታውም ያው ሆነ። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ግን ሌባዋን እጅ ከፍንጅ ያዘቻት። ሎሚ አፍንጫዋን ባልዲው ውስጥ ቀብራ ትጠጣለች። ኤሌኒ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆማ አየቻት። ውሻዋ ጠጣች፣ ቀና ብላ ተነፈሰች፣ እንደገና ጠጣች። የቀረውን ሁሉ ጨርሳ ባዶውን ቆርቆሮ መላስ ጀመረች።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አለቻት።

ሎሚ ጅራቷን ወዝወዝ አደረገችና ሄዳ አጥሩ ሥር ሸናች። ሽንቷ አላልቅ አለ።

ሎሚ የኤሌኒ ውሻ አልነበረችም፤ የልጇ የምትኩ ናት። ምትኩ ገና ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ላፍቶ ወንዝ ሊዋኙ ሄደው፣ ከአንድ የጤፍ ማሳ ዳር አግኝቷት በሹራቡ ጠቅልሎ ያመጣት ቡችላ ነበረች። ፀጉሯ ፈዛዛ ቢጫ ስለሆነ ሎሚ አላት። ኤሌኒ ያን ቀን ተቆጥታ ነበር። ውሃው ከቦኖ በወረፋ፣ ዱቄቱ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን በሚመጣበት ጊዜ ሌላ አፍ ጨምሮ መምጣት ምን ይሉታል? ልጁ ግን «ከድርሻዬ ነው የምሰጣት» አለ። ሰጣትም።

የኤሌኒ የመጀመሪያ ልጅ ሴት ነበረች፤ በኩፍኝ ሞታለች። ከእሷ በኋላ የተወለደውን ነው ምትኩ ያሉት፤ ሌላም አልተወለደላቸውም። በ1976 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ሲመጣ፣ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ሞልቱ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ስም ጠራ፤ የምትኩም ስም ተጠራ። ልጁ መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት እናቱን አቅፎ ብዙ ነገር ሊል ፈልጎ ነበር። ያላት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እማዬ፣ ሎሚን አደራ።»

አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰሜን ግንባር እንዳለ ከአንድ የቆሰለ ጓደኛው አፍ ሰምተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ኤሌኒ ንፋስ ስልክ ባለው የቀበሌ ቤታቸው በረንዳ ላይ በስፌት መኪናዋ የሰው ልብስ ትሰፋለች። ባሏ መዝገቡ እዚያው ሰፈር ካለ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል። ሎሚ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ሥር ትተኛና፣ የግቢው በር ሲንኳኳ ከሁሉም ቀድማ ትነሣለች። የመጣው ሰው እሱ አለመሆኑን ስታይ ተመልሳ ትተኛለች። ኤሌኒም እንደዚያው ነች።

በዚያው ግቢ፣ ከእነ ኤሌኒ ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርተው፣ ሰዒድና ሚስቱ ዙሌካ ይኖራሉ። ሰዒድ ወደ መንገዱ የምትከፈት አነስ ያለች ሱቅ አለችው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ ክብሪት ይሸጥባታል። ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ግቢ ውስጥ ሲኖሩ ብዙ ዓመታቸው ነው። አንዱ ሲታመም ሌላው ያስታምማል፤ በፋሲካም በዒድም የየራሳቸውን ሥጋ አርደው፣ ዳቦና ለስላሳ ይላላካሉ። ዙሌካ ውሻ አትነካም። ሎሚ ልብሷን ከላሰቻት ሄዳ ታጥባለች። ግን አጥንት ከእጇ አይጠፋም፤ ከሩቅ ትወረውርላታለች።

«ጨው ነው» አለች ዙሌካ የባልዲውን ነገር ስትሰማ። «ጨው የነካውን አጥንት እኔ ነኝ ያበላኋት። ጨው የበላ ይጠማዋል።»

አጥንቱ ቀረ። ኤሌኒ ጨው የሌለው ገንፎ እያገነፋች ለብቻ ሰጠቻት። ሎሚ ገንፎውን ጠርጋ በልታ ወደ ባልዲው ሄደች።

«ሙቀቱ ነው» አለ መዝገቡ። መጋቢት ነበር፤ ቆርቆሮው ቀትር ላይ ይንጣጣል። ከፋብሪካ ጆንያ አምጥቶ ከባሕር ዛፉ ሥር ጥላ ሠራላት። ሎሚ ጥላው ሥር ተኝታ ምላሷን አንጠልጥላ ባልዲውን ታያለች። ብዙ ትበላለች፣ ግን ትከሳለች፤ የጎድን አጥንቷ በፀጉሯ ላይ መታየት ጀመረ። አንድ ጠዋት ደግሞ፣ ከቡችላነቷ ጀምሮ ቤት ውስጥ ሸንታ የማታውቀው ውሻ፣ ደጃፉ ላይ ሸንታ ተገኘች። ኤሌኒ ሳትቆጣት ሎሚ ራሷ አፍራ ከስፌት መኪናው ሥር ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወሬ ከግቢ ወጣ። ቦኖ ላይ የተሰለፉት ሴቶች የእነ ኤሌኒ ውሻ ጤና የላትም፣ አፏ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ትወላገዳለች ተባባሉ። በወሩ መጨረሻ ሞልቱ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ።

«እትዬ ኤሌኒ፣ ውሻዋ አብዳለች ይላል ሕዝቡ።»

«ያበደ ውሻ ውሃ ይሸሻል ሲባል አልሰማህም? ይቺ ባልዲ አቅፋ ነው የምታድረው።»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሰፈሩ ሕፃናት አሉበት። አንድ ልጅ ብትነክስ የምጠየቀው እኔ ነኝ።» ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዞረ። «ሐኪም ይያትና አላበደችም ይበል። አለዚያ እኔ ልገላግላችሁ።»

ኤሌኒ መቀሷን አስቀመጠች።

«ልጄን ስሙን ጠርተህ ወሰድከው። አሁን ደግሞ የሱን ውሻ ልትወስድ መጣህ?»

ሞልቱ መሬት መሬት አየ። ሲናገር ድምፁ ቀንሶ ነበር።

«የእኔም ታናሽ ወንድም አብሮት ነው የሄደው፣ እትዬ ኤሌኒ። የሱንም ስም የጠራሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወጣ።

ሰዒድ በሱቁ የጓሮ መስኮት ሆኖ ይህን ሁሉ ሰምቷል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሱቁን ዘግቶ ወደ ኤሌኒ በረንዳ መጣ። ከወትሮው ራቅ ብሎ ቆመና ሎሚን ለረጅም ጊዜ አያት።

«ኤሌኒ እህቴ፣» አለ፣ «የምትሸናበት ቦታ ጉንዳን ይሰበሰባል?»

ኤሌኒ ደነገጠች። አጥሩ ሥር ያለው አፈር በጉንዳን መወረሩን አይታ ነበር። ስኳር የደፋች መስሏት አመድ በትናበታለች።

«ምነው ጋሽ ሰዒድ? ምን አሰቡ?»

«እኔን የያዘኝ እንዲህ አድርጎ ነው የጀመረው» አለ ሰዒድ። «ያኔ ገና ጨርቅ እየተሸከምኩ ቡታጅራ ስመላለስ ነው። በየመንገዱ ያገኘሁትን ውሃ እጠጣለሁ፤ ወንዝ የለ፣ ጉድጓድ የለ። ስጠጣ ሌላ ጥም ይመጣል። አፌ ጥጥ የጎረስኩ ይመስላል። ሱሪዬ ከወገቤ እየወረደ በገመድ አስረው ነበር። ዘመዶቼ መተት ነው አሉኝ። ሐኪም ቤት እስክወድቅ ድረስ ስኳር መሆኑን ማን አወቀ።» ወደ ሎሚ በአገጩ አመለከተ። «ወላሂ፣ ይቺ የያዛት የእኔ ጥም ነው።»

መዝገቡ ከት ብሎ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ውሻን ስኳር ይይዛታል ሲባል የሰማ ሰው አልነበረም። የሰዒድን ፊት አይቶ ግን ሳቁን ዋጠው።

ቄራ ውስጥ ሥጋ የሚመረምር ዶክተር ወጋየሁ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነበር። ከሥራ ሰዓት ውጪ የሰፈር ሰው በግና ላም ያመጣለታል፤ ውሻ ይዞ የሚመጣ ግን ብዙ አልነበረም። መዝገቡና ኤሌኒ ሎሚን በገመድ ይዘው በእግር ወሰዷት። በየቦዩ እየቆመች ልትጠጣ ስለምትጎትታቸው መንገዱ ረዘመባቸው።

ዶክተሩ ወጣት ነበር፤ ጋውኑ ላይ የደም ነጠብጣብ አለ። ሎሚን ጠረጴዛ ላይ አስወጥቶ ሆዷን በሁለት እጁ ቀስ እያለ ዳበሰ፣ ድዷን ገልጦ አየ፣ አፏን አሸተተ።

«ወንድ ውሾች የተከተሏት መቼ ነበር?» አለ።

«ከጥምቀት በፊት» አለች ኤሌኒ።

«ከዚያ በኋላ ፈሳሽ ታይቶባታል? ሽታ ያለው?»

«ኧረ የለም።»

«አንዳንዴ ማህፀናቸው መግል ይቋጥርና ውሃ ውሃ ያሰኛቸዋል። የእሷ ሆድ ግን ለስላሳ ነው። ምግብስ እንዴት ናት?»

«የሰጠኋትን ሁሉ ትበላለች። ሥጋዋ ግን ያልቃል።»

«ኩላሊት ቢሆን ምግብ ትጠላ ነበር» አለ ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ። መርዝ በልታ ወይም ሰውነቷን የሚያሳክክ ነገር ይዟት መድኃኒት ተሰጥቷት እንደሆነም ጠየቀ። ሁሉንም አይደለም አሉት። በመጨረሻ መዝገቡ ወደ ደጅ አወጣትና ስትሸና በጣሳ ተቀበለላት። ዶክተሩ ከዚያ ላይ ጥቂት ጠብታ ወስዶ ሰማያዊ ፈሳሽ ባለበት የመስታወት ቱቦ ውስጥ ጨመረና በእሳት አሞቀው። ፈሳሹ መጀመሪያ አረንጓዴ ሆነ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዚያ የሸክላ ቀለም ያዘ።

«ስኳር ነው» አለ።

ኤሌኒ ሰዒድን አሰበች። መዝገቡ፣ «መድኃኒት አለው?» ሲል ጠየቀ።

«አለው፤ የሰው መድኃኒት ነው። በየቀኑ የሚወጋ ኢንሱሊን። ግን ሰውም በስንት መከራ ነው የሚያገኘው። ለውሻ ብዬ ባዝዝልዎት የሚሰጥዎት የለም፤ ልክም አይሆንም።» የሎሚን ጆሮ አሻሸ። «ሳትሰቃይ ላሳርፋት እችላለሁ። አንድ መርፌ ነው። ትተኛለች።»

«አይሆንም» አለች ኤሌኒ። «አደራ ናት።»

ሐኪሙ የማን አደራ ብሎ አልጠየቀም። ሞልቱ ቢመጣ እብደት አይደለም ብሎ እንደሚነግረው ብቻ ቃል ገብቶ ሸኛቸው።

የሐኪሙን ቃል ሲሰማ ሰዒድ ብዙ አላሰበም።

«እኔ ከምወስደው ላይ እሷ የምትፈልገው ምን ያህል ትሆናለች? ጠብታ ናት። ከብልቃጡ ግርጌ የሚቀረው ይበቃታል።»

«ጋሽ ሰዒድ፣ እሱ የእርስዎ ነፍስ ነው» አለች ኤሌኒ።

«ነፍሴን የሚጠብቅ አላህ ነው። እኔ የማውቀው ይህን ጥም ነው። በዚህ ጥም ውስጥ ያለ ፍጡር አጠገቤ እያየሁ መርፌዬን ብቻዬን ወግቼ መተኛት አልችልም።»

ዙሌካ አጠገቡ ቆማ ነበር። የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠመዘዘችው።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የግቢው ጠዋት ሌላ መልክ ያዘ። ሰዒድ ብልቃጡን በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ትንሽ ገንቦ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ዙሌካ የመስታወት ሲሪንጆቹን ለየብቻ ትቀቅላለች። ሰዒድ መጀመሪያ ራሱን ጭኑ ላይ ይወጋል፤ ቀጥሎ በሌላው ሲሪንጅ ጥቂት ስቦ በድስት ክዳን ላይ አድርጎ ለመዝገቡ ያቀብለዋል። እሱ ራሱ ሎሚን አይነካትም። ከበረንዳው ጫፍ ላይ ሆኖ ያስተምራል።

«ቆዳዋን ቆንጥጠህ ወደ ላይ አንሣው። እንደሱ። አትፍራ መዝገቡ! የምትወጋው ውሻ ነው እንጂ አንበሳ አይደለም።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«የእኔም መጀመሪያ ተንቀጥቅጧል። በሚስቴ ፊት አልቅሻለሁ፣ ጠይቃት።»

ሎሚ መርፌውን ለመደችው። መዝገቡን ስታይ መጥታ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። ከጊዜ በኋላ ጥሙ ለቀቃት። ኤሌኒ አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ስትወጣ ባልዲው እንደሞላ አገኘችው። ቁጭ ብላ ውሃውን አየችው። ከዚያ ሰዒድን ጠራችው፤ እሱም መጥቶ አየው። ሁለቱም አንድ ባልዲ ውሃ ላይ አጎንብሰው ሲስቁ ዙሌካ ከቤት ወጥታ፣ «ምን ተገኘ?» አለች።

ሎሚ ሥጋ አወጣች። ምትኩ ሲመጣ ያገኛታል ብላ ኤሌኒ አመነች። እንዲያውም አንዳንድ ቀን፣ ሎሚ ከቆየች ምትኩ ይመጣል የሚል ነገር ልቧ ውስጥ ገባ። ለማንም አልተናገረችውም።

ክረምቱ ሲገባ ከተማው ውስጥ ኢንሱሊን ጠፋ። ሰዒድ ወደሚወስድበት መድኃኒት ቤት ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ሌላ ሳምንት ሄደ፣ ያው ነው። ለማንም አልተናገረም። ጠዋት ጠዋት የድስት ክዳኑ ላይ ያለው ሲሪንጅ እንደተለመደው ለመዝገቡ ይደርሳል።

ያወቀችው ዙሌካ ናት። ዝናብ በሚያካፋበት ጠዋት ከኤሌኒ ጋር ቦኖ ላይ ተሰልፈው ሳለ፣ ጀሪካኗን መሬት አስቀምጣ እጇን ያዘቻት።

«ኤሌኒዬ፣ አትቀየሚኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ሰዒድ ውሃ ይጠጣል።»

ኤሌኒ መጀመሪያ አልገባትም። ዙሌካ ቀጠለች፤ እንባዋ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል።

«በዚህ ብርድ እየተነሣ ይጠጣል። ማሰሮውን ሞልቼ ነው የምተኛው፣ ሲነጋ ባዶ ነው። ትናንት ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ዓይኑ ጨለመበት። ብልቃጡን ከፍቼ አየሁት። ለራሱ የሚወስደውን ቀንሶ ቀንሶ... ለሷ ግን አልቀነሰባትም። ቢቀንስባት ወዲያው ያስታውቅባታል፣ ኤሌኒ ትሰጋለች ይላል። እኔ ለውሻዋ ክፉ አይደለሁም። አላህ ያውቃል። ግን ባሌ ነው።»

 ኤሌኒ ወረፋዋ ሲደርስ የዙሌካን ጀሪካን አስቀድማ ሞላችላት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰዒድ ክዳኑን ይዞ ሲወጣ ኤሌኒ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ጋሽ ሰዒድ፣ ይበቃታል። ሐኪሙ አይቷት ድናለች አለ።»

ሰዒድ ቀና ብሎ አያት። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«መቼ አያት?»

«ትናንት። መዝገቡ ወስዷት።»

«መዝገቡ ትናንት ቀኑን ሙሉ ፈረቃ ላይ ነበር፣ ኤሌኒ እህቴ።»

 ሎሚ መዝገቡን ስታጣ ወደ ኤሌኒ መጥታ እንደልማዷ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ኤሌኒ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ዙሌካን ባል አላሳጣትም» አለች። «የልጄን አደራ በእርስዎ ነፍስ አልጠብቅም። እሱም ቢሰማ ይጠላኛል። እባክዎ ጋሽ ሰዒድ፣ መልሰው ያስገቡት።»

ሰዒድ ክዳኑን እንደያዘ ቆየ።  ከዚያ ዞሮ ወደ ቤቱ ገባ። በዚያ ቀን ሱቁን አልከፈተም። የዙሌካ ወንድም ከዘመድ አዝማድ ጠይቆ ከሐዋሳ አንድ ብልቃጥ እስኪያመጣለት ድረስም እያንዳንዷን ጠብታ ዙሌካ እያየች ወሰደ።

ሎሚ ያለ መርፌ ብዙ አልቆየችም። ጥሙ ሲመለስ ከበፊቱ ብሶ ነበር። ኤሌኒ ግን ባልዲው እንዲጎድል አልፈቀደችም፤ ሥራዋን ትታ በዝናብ ቦኖ ትመላለሳለች፣ ከቆርቆሮ የሚወርደውንም በየሳፋው ታጠራቅማለች። ትጠጣ፣ ይህን እንኳ አልንፈጋት ትላለች። የሎሚ ዓይኖች ወተት እንደፈሰሰባቸው ነጡ። ባልዲውን በማሽተት ሆነ የምታገኘው። የግቢው በር ሲንኳኳ አሁንም ትነሣለች፤ ግን ግድግዳው ይመታታል። ሰዒድ ወደ ጓሮ የምታይ መስኮቱን ዘጋት። የሎሚን የመጠጣት ድምፅ መስማት አልቻለም ነበር።

የጠጣችውን ማስመለስ ስትጀምርና የኋላ እግሮቿ አልቆም ሲሏት፣ መዝገቡ ከሥራ ፈቃድ ጠየቀ። በልጁ አሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ታቅፏት ወደ ቄራ ሄደ። ኤሌኒ በአንድ እጇ ውሃ የያዘ ጠርሙስ፣ በሌላው የሎሚን እግር ይዛ አጠገቡ ሄደች። ዶክተር ወጋየሁ ሲያያቸው ለምን እንደመጡ ገባው።

«ከዚህ በላይ ማቆየት ለሷ ጭካኔ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ኤሌኒ ከጠርሙሱ መዳፏ ላይ አፈሰሰችላት። ሎሚ ላሰችው። እንደገና አፈሰሰችላት። ሐኪሙ አላጣደፋቸውም። ሎሚ በቃኝ ብላ ፊቷን ስታዞር ወደ ኤሌኒ አየ፤ ኤሌኒ በእሺታ ራሷን ስትነቀንቅለት ነው የወጋት። ሎሚ አገጯን በኤሌኒ ክንድ ላይ አስደግፋ ተኛች። መዝገቡ፣ እናቱ ስትሞት ያላለቀሰው ሰው፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ።

ላፍቶ ወንዝ ማዶ፣ ምትኩ ያገኛት ቦታ፣ ማሳው ዳር ቀበሯት። ባለ ማሳው ኢታና የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ ለውሻ ጉድጓድ ሲቆፍሩ አይቶ አልከለከላቸውም። አካፋው አልሰላ ሲላቸው የራሱን ዶማ አመጣላቸው።

ምትኩ የመጣው በጥቅምት ነው። ክንዱን ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቶ፣ አጭር ፈቃድ ተሰጥቶት። በሩን አላንኳኳም፤ ሎሚን ሲጠራ እንደሚያደርገው ከውጭ ሆኖ አፏጨ። ኤሌኒ ፉጨቱን ስትሰማ የያዘችው ጨርቅ ከእጇ ወደቀ። ሮጣ ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ጠቁሯል፣ ከስቷል፣ አንድ እጁ በፋሻ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አቅፋው እያለቀሰች ዓይኖቹ በትከሻዋ ላይ አልፈው ግቢውን ሲቃኙ ተሰማት።

«ሎሚስ?» አለ።

ቁጭ ብላ ነገረችው፤ ከባልዲው ጀምራ አንድም ሳትደብቅ። መርፌውን ያስቆመችው እሷ መሆኗን ስትናገር ፊቱን ማየት አልቻለችም።

 የምትኩ ደህና እጅ የሎሚ ጥላ በነበረው ጆንያ ላይ ነበር።

«መጨረሻ ላይ ውሃ ከለከላችኋት?» አለ።

«ኧረ ልጄ! በእጄ ነው ያጠጣኋት። በቃኝ እስክትል።»

«በቃ እንግዲያው» አለ።  «እኛ ጋ አንድ ልጅ ነበር እማዬ... በኮዳችን ውስጥ ውሃ አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ፣ ውሃ እያለ ጠራኝ። የሞልቱ ወንድም ነው። ለሞልቱ እንዴት እንደምነግረው አላውቅም።»

ከዚያ አለቀሰ። ኤሌኒም እሱ ሕፃን ሳለ ታደርገው እንደነበረው ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አስተኛችው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሰዒድ ሱቅ ሄደ። ሰዒድ ከባንኮኒው ኋላ ተነሥቶ፣ «ላቆይልህ አልቻልኩም ልጄ» ሲል ምትኩ አላስጨረሰውም፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመው። ከዚያ ወጥቶ ሞልቱ ቤት ሄደ። እዚያ ምን እንደተባባሉ ማንም አልሰማም። ሞልቱ ግን ከዚያ ቀን በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ስም ሲጠራ አልታየም፤ ሌላ ሰው ተተካ።

የፈቃዱ ጊዜ ሲያልቅ ምትኩ ተመለሰ። ክንዱ በደንብ አይዘረጋም ነበር፤ የሚያየው ሐኪም ግን ጠመንጃ መያዝ ይችላል ብሏል። በ1980 ዓ.ም. ከሰሜን የሚመጣው ወሬ ሁሉ ክፉ በሆነበት ጊዜ፣ አብሮት የነበረ አንድ ወታደር በክራንች ተደግፎ ሰፈሩን እየጠየቀ መጣ። ወደ ግቢው ከመግባቱ በፊት ሱቅ ጋ ቆሞ፣ «የምትኩ መዝገቡ ቤት የትኛው ነው?» ሲል የጠየቀው ሰዒድን ነበር። ሰዒድም ፊቱን አይቶ ለምን እንደመጣ አወቀ።

መርዶው ንጋት ላይ ተነገረ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሰብሰብ ብለው ሲመጡ ሰዒድ ከፊት ነበር፤ ኤሌኒ በሩን ከፍታ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ሁኔታ ስታየው አንዲት ቃል ሳይናገር ጮኸች። መዝገቡ ከአልጋው እንኳ አልወረደም።

ዙሌካ የራሷን ፍራሽ አምጥታ እስከ አርባው ድረስ ከኤሌኒ አጠገብ ተኛች። ብዙ ጊዜ ሁለቱም እንቅልፍ አልነበራቸውም። አንዳቸው ስትገላበጥ ሌላዋ እጇን ዘርግታ ታገኛታለች፤ እንደዚያው እጅ ለእጅ ተያይዘው ይነጋባቸዋል።